ሳይደመጥ የወጣው ሞተር

ሰፈሩ በሙሉ «ጆሮ» ነው የሚለው። በትክክለኛ ስሙ ቢጠሩት ዘወር ማለቱም ያጠራጥራል። ሥራው ሞተር ሳይክል መጠገን ነው፤ ያውም ያረጁትን፣ ሌላው ጋራዥ «ለብረት ለቃሚ ስጠው» ብሎ የመለሳቸውን። ቅጽል ስሙ የወጣለት የጭስ ማውጫ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ በጆሮው አድኖ ስለሚይዝ ነው። ሞተሩን ያስነሳና የጭስ ማውጫውን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ያፍናል። መውጫ ያጣው ጭስ በየትኛው ስንጥቅ በኩል «እስስ» እንደሚል፣ አንድ ጫፏን ጆሮው ላይ በሰካት ቀጭን የጎማ ቱቦ እየተከታተለ ያዳምጣል። ያን ጊዜ ደንበኞቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቁታል፤ እሱም መጠበቃቸውን ይወደዋል።

ሰው ሁሉ ሲያደንቀው አንዲት ሴት ብቻ አንድ ቀን እንኳ «እጅህ ይባረክ» ብላው አታውቅም። እናቱ ናት። የምትኖረው ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ክፍል ሲሆን፣ በርጩማዋን በሩ ላይ አድርጋ እጅ እጁን ስታይ ትውላለች። «ያንን አጥብቀኸዋል? እስቲ ከገጠምከው በኋላ ደግመህ ስማው።» ደንበኛ ቆመ አልቆመ ግድ የላትም። ጢሙ መሸበት የጀመረ ሰው በደንበኛ ፊት እንደ ተማሪ ሲታረም ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል። በመጨረሻ አንድ ቀን፣ ጎረቤቱ ባትሪ ሻጩ ቆሞ እየሳቀ ባለበት፣ ደሙ ፈላ።

«እማዬ፣ እኔ በዚህ ሁኔታ መሥራት አልችልም! ወይ ሥራዬን ተዪልኝ፣ ወይ…»

ያን ሁለተኛውን «ወይ» አልጨረሰውም። እሷ ግን ጨርሳ ሰማችው። ገብታ ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች፤ ከተራራው ማዶ ያለችው ልጇ ዘንድ ሄዳ ልትኖር ነው። ጆሮም ይቅርታ መጠየቅ ሞት ሆነበት።

የሚወስዳት ታናሽ ወንድሙ ነው። ዳቦ አመላላሽ ነው። አሮጌ ሞተሩ ጎን ላይ ባለ አንድ ጎማ ሳጥን አስገጥሞ፣ ዳቦው እንዳይረጥብ በወፍራም ላስቲክ ሸፍኖታል። በመሄጃዋ ቀን ጠዋት የዳቦ መደርደሪያዎቹን አውጥቶ ለእናቱ ፍራሽ አነጠፈበት። ሞተሩ ግን ከሰነበተበት ሕመም ጋር ነበር፤ ነዳጅ በቀነሰለት ቁጥር «ጧ! ጧ!» እያለ አላፊ አግዳሚውን ያስበረግጋል። እንግዲህ እናቱን ከቤቱ የሚያወጣትን ሞተር የሚጠግነው ራሱ ጆሮ ሆነ።

ዝናቡ የጋራዡን ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ሳጥኑን ፈታ። የጭስ ቧንቧው የሚያልፈው በሳጥኑ ሥር ስለሆነ ሳይፈታ አይደረስበትም። ቧንቧው ከሲሊንደሩ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ጥላሸት ለብሷል፤ የማሸጊያው ቀለበት ተቃጥሎ አልቋል። በአዲስ ተካው። ዝቅ ብላ የነበረችውን ስንጥቅ በየዳት። አስነስቶ፣ በጨርቅ አፍኖ፣ በቱቦዋ አዳመጠ። አንዲት ትንፋሽ የለም። ከዚያ ሳጥኑን መልሶ ሊያስር ጎንበስ ሲል እናቱ ጓዟን እንዳቀፈች ከበሩ ላይ ተናገረች።

«ከገጠምከው በኋላ ደግመህ ስማው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳትነግረውም ያደርገው ነበር፤ ልማዱ ነው። ያን ጠዋት ግን እልህ ያዘው። ካዳመጠ የሷን ትእዛዝ የፈጸመ ሊመስል ነው! ብሎኖቹን አከታትሎ አጠበቀ፣ እጁን ጠረገ፣ «ሂዱ» አለ። ስንብቱም ይኸው ነበር። ወንድሙ እናታቸውን አስገብቶ፣ ብርድ እንዳይመታት ላስቲኩን ዙሪያውን በገመድ ጠፍሮ ወጣ።

ጆሮ ዕቃውን ሲሰበስብ ከመፍቻዎቹ ሥር አጭሩን ብሎን አገኘው።

ክው አለ። የሳጥኑ ብሎኖች ከአንዱ በቀር ሁሉም ረጃጅም ናቸው። ያ አንዱ ያጠረው ከበስተጀርባው ቧንቧው ስላለ ነው። አጭሩ እዚህ ከቀረ፣ ቦታው ላይ የገባው ከመፍቻዎቹ መሃል የነበረ ሌላ ረጅም ብሎን ነው ማለት ነው። ሲያጠብቀው ትንሽ እንደታገለው አሁን ትዝ አለው። ዝገት ያሳሳውን ቧንቧ ጫፉ እየወጋው ነው፤ መንገዱ በነቀነቃቸው ቁጥር እየገባ ይሄዳል። ቧንቧው ተበሳ ማለት ደግሞ ጭሱ በሳጥኑ ወለል ስንጥቆች አልፎ፣ በላስቲክ ታሽጋ ወደተቀመጠችው እናቱ ገባ ማለት ነው።

ስልኩን አንስቶ ደወለ። የወንድሙ ስልክ እዚያው ጋራዡ መስኮት ላይ፣ ቻርጀር እንደተሰካ ጮኸ።

«ሞተርህን ልውሰደው!» አለው ባትሪ ሻጩን።

«የቱን? የፊት ፍሬኑን ፈትተኸው የለም እንዴ!»

«የኋላው ይበቃኛል።»

ባትሪ ሻጩ ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፤ ፊቱን አይቶ ተወው።

ጆሮ ዝናብ ዐይኑን እየወጋው ከከተማው ወጣ። ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ መሆኑ በጀው። ያ ጭስ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ሥራ በጀመረበት ሰሞን በር ዘግቶ ሞተር ሲያስነሳ ወድቆ ያውቃል። ጭሱ አላስጨነቀውም፣ አልታገለውም፤ ዝም ብሎ አስተኛው። በሩን በርግዳ ገብታ፣ በብብቱ ይዛ ጎትታ ያወጣችው እናቱ ነበረች። በርጩማዋን ይዛ በሩ ላይ መቀመጥ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ መሆኑን ይህን ሁሉ ዘመን ልብ ብሎት አያውቅም። አሁን ገባው። አንድ የጭነት መኪና ጭቃውን ደፍቶበት ሲያልፍ እንኳ ነዳጁን አልቀነሰም።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሳጥኑን አየው። ጥሩምባውን ለቀቀው። ወንድሙ በመስተዋቱ አየና፣ «ጭቅጭቁ አልበቃ ብሎት ተከትሎን መጣ» ብሎ አሰበ። ያ በዘመኑ ቸኩሎ የማያውቅ ሰው ያን ዕለት ሞተሩን አስጋለበው። ጆሮ ቢጮኽ፣ ቢጮኽ፣ ማን ሰምቶት! በመታጠፊያው ላይ ነፍሱን ሸጦ ቀደመውና ፊቱ ገብቶ የኋላ ፍሬኑን ረገጠ። ሞተሩ ተንሸራቶ ከነጋላቢው አስፋልቱ ላይ ተዘረጋ። ወንድሙ ለጥቂት ሳይወጣበት ቆመ።

«አብደሃል እንዴ ጋሼ! ልትጨርሰን ነው?»

«ክፈተው! ላስቲኩን ክፈተው!»

«ተኝታለች፣ አትቀስቅሳት! ደግሞ እዚህ ድረስ መጥተህ ልትጨቀጭቃት? ገና ከከተማው ሳንወጣ ነው እንቅልፍ የወሰዳት። ቅድም ስጠራት እንኳ አልሰማች…»

ወደ ሳጥኑ ዞረ።

ጆሮ በቢላ ገመዱን በጥሶ ላስቲኩን ቀደደው። የታፈነ ሙቅ አየር ፊቱን መታው። የእናቱ አንገት ወደ ትከሻዋ ወድቋል፤ ጉንጯ ጤነኛ ሳለች እንኳ ያልነበራት ቅላት አለው። ተሸክመው መንገድ ዳር ሣሩ ላይ አስተኟት። «እማዬ! እማዬ!» አልነቃችም። ጆሮውን ደረቷ ላይ ለጠፈ። ያ የተመሰከረለት ጆሮ ምንም አልሰማም። ዝናቡ፣ የወንድሙ ልቅሶ፣ የራሱ ልብ ድለቃ አንድ ላይ ይጮኹበታል።

«ዝም በል!» ብሎ ወንድሙ ላይ አንባረቀና እንደገና ተደፋባት። ዕድሜ ልኩን «ዝም በይልኝ» ሲላት የኖረውን ሴት አንዲት ቃል እንድትናገረው ለመናት። በጣም ፈራ። በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

ከብዙ ልመና በኋላ አሳላት። ከዚያ አስመለሳት። ከዚያ ዐይኗን ገለጥ አደረገች።

«ደረስን?»

«አልደረስንም። ተንፍሺ እማዬ፣ በረጅሙ ተንፍሺ።»

ዐይኗን አዙራ እሱን ፈለገችው። «ሞተሩን ምን አድርገኸው ነው? ድምፁ እኮ ጠፋ። እንደዚህ ደህና ተኝቼ አላውቅም። እጅህ ይባረክ፣ የኔ ልጅ።»

ስንት ዓመት የጠበቀው ቃል መጣ፤ ሲመጣም እንደ ፍም ደረቱ ላይ ተቀመጠ። ነገሩ ያልገባው ወንድሙ «እኔ ነኝ ላስቲኩን ያጠበቅኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» እያለ ራሱን ይመታል። ጆሮ ዝም ቢል ጥፋቱ እንደዚያው ወንድሙ ላይ በቀረ ነበር። ዝም ማለትም አማረው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

«አትመርቂኝ» አላት። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ብሎን ተሳስቼ ቧንቧውን በሳሁት። ደግመህ ስማ ስላልሽኝ ብቻ፣ በእልህ ሳልሰማው ለቀቅኩት።»

እናቱ አየችው። ቆይታ ፊቷን መለሰች።

አንድ የፒክአፕ ሾፌር አዝኖላቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዳቸው መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ራሷን ደረቱ ላይ ያስደገፈችው አቅም ስላጣች ይሁን ስለፈቀደች፣ ሊያውቅ አልቻለም። በጥፊ ብታጮለው በስንት ጣዕሙ! ከጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ኦክስጅን ሲያደርጉላትም ዐይኗ ጣሪያው ላይ ነው። ጆሮ በዘይትና በጭቃ የተለወሰ ቱታውን እንደለበሰ እግርጌዋ ቆመ። እንደዚህ እንደተኳረፉ ልጇ ዘንድ ሄዳ መቅረቷ ነው ብሎ ቆረጠ።

ነርሷ የሆነውን ከወንድሙ ሰምታ ተቆጣች።

«ቆይ፣ ማነው እንዲህ አድርጎ የጠገነው?»

ጆሮ አፉን ከፈተ። እናቱ የኦክስጅኑን ጭምብል ከፍ አድርጋ ቀደመችው።

«አንድ እልኸኛ መካኒክ ነው።»

«እንዲህ ያለው ሰው መከሰስ አለበት፣ እናቴ። ሊገድልዎት ነበር እኮ!»

«ክስ ለሱ ምኑ ነው፣ ልጄ? ዛሬውኑ ቤቱ ተመልሼ እገባለሁ። ከዚያ በኋላ ያያታል።»

ነርሷ ሳቀች። ጆሮ ግን ወደ ግድግዳው ዞሮ ፊቱን በዚያ በቆሸሸ እጁ ሸፈነ።