ነጩ ጡብ

ክሎሪን በሸተተኝ ቁጥር ነጭ ቀለም የተቀባ ጡብ ትዝ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ ወንጂ፣ የስኳር ሠራተኞች ክበብ ውስጥ በነበረው የዋና ገንዳ፣ ጥልቁ ጋ ወለሉ ላይ ይቀመጥ ነበር።

የገንዳው ኃላፊ ኦቦ ገመቹ ነበሩ። ሰው ሲሰምጥ የሚያወጡትን ሠራተኞች የሚያሠለጥኑትም የሚፈትኑትም እሳቸው ናቸው። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ሊቀጠር ሲሄድ መጀመሪያ ያስያዙት ብሩሽ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከገንዳው ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ሲፍቅ ከረመ። ከሥራ ሲመለስ ከሽታው የተነሳ ከእሱ ጋር ከአንድ ትሪ አልበላም ብዬ እናቴ ቆንጥጣኛለች።

ቀጥሎ ጡቡ መጣ። ሱሪና ጫማውን እንዳደረገ ጠልቆ ማውጣት ነበረበት። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቴም እያሳለው ባዶ እጁን ወጣ። አባታችን ከሞተ ገና ዓመቱ ስለነበር እናቴ እኔን አስከትላ ልትለምን ሄደች።

«ኦቦ ገመቹ፣ እባክዎ ይፈርሙለት። ቤቴን የሚደግፍልኝ እሱ ነው።»

«እኔ ብፈርምለት ውሃው አይፈርምለትም፣ እትዬ ሙሉ» አሏት።

እናቴ መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ አይቼ ሽማግሌውን ጠላኋቸው። ስማቸው ሲነሳ ምራቄን እተፋ ነበር። ከወር በኋላ ግን ታደሰ አፍንጫው እየደማ፣ ጡቡን ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣ። ኦቦ ገመቹ ፎጣ አልብሰው ወዲያው ፈረሙለት። ብዙም ሳይቆይ ታደሰ ስትሰምጥ ከዚያ ውሃ ያወጣት የጎረቤታችን ልጅ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት።

ባለፈው እሑድ ልጄን አዳማ ወደሚገኝ አንድ ሆቴል ለዋና ወሰድኳት። ውሃው ላይ የሰው ፀጉርና የማንጎ ልጣጭ ይንሳፈፋል። ጠርዙን ስይዘው ጣቴ ላይ ልጋግ ተለጠፈ፤ ቀፈፈኝ። ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን የገንዳውን ጠባቂ ወጣት ጥልቁ ጋ ጠልቆ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ኧረ እኔ ዋና አልችልም፣ እህቴ። ሥልጠናው በፕሮጀክተር ነበር። ሰርተፍኬት ግን አለኝ» ብሎ ስልኩ ላይ አሳየኝ። ከታች የአሠልጣኙ ስምና ፊርማ አለ። ወንድሜ ታደሰ ነው።

እዚያው ቆሜ ደወልኩለት።

«የማስተምርበት ማሠልጠኛ ገንዳ የለውም። ይህን ያህል ሰው አስመርቁ ይሉናል፤ ምን ላድርግ?» አለኝ።

ጡቡስ አልኩት። ሳቀ። «አንቺ ደግሞ የድሮ ነገር አትረሺም።»

ከውሃው ይልቅ ሳቁ አንገሸገሸኝ። እናቴ አልቅሳ ያጣችውን ፊርማ እሱ ዛሬ ሳይለመን ያድላል።

ልጄን ደረቅ የዋና ልብሷን እንዳቀፈች ባጃጅ ውስጥ አስገባኋት። እስከ ቤት ድረስ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። እኔ ኦቦ ገመቹን የጠላኋቸውን ያህል እየጠላችኝ እንደሆነ ገባኝ። ትጥላኝ።