ከዐሥራ ዘጠኙ ሁለቱ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም መግደፌን፣ ቁጣዬን፣ ሆዳምነቴን ስዘረዝር ኖሬ እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ዛሬ ለማላውቅህ ላንተ የምነግርህ ፊትህን ስለማላየው ይሆናል። ድፍረት ነው ብለህ እንዳታመሰግነኝ።

አንኮበር፣ ከአንድ ደብር፣ ባሕረ ሐሳብ አስተምር ነበር፤ ጾምና በዓል የሚወጣበትን የፀሐይና የጨረቃ ቁጥር። ትምህርታቸውን የጨረሱትን ደግሞ ማስተማር አለማምዳለሁ። ጀማሪዎች እሰጣቸውና እንዴት እንደሚያስተምሩ አያለሁ። እኔ ያልመረቅሁት ሰው በየትኛውም ደብር ወንበር ዘርግቶ አያስተምርም። ተክሌ ከነዚህ አንዱ ነበር፤ ከደነባ የመጣ፣ ዝምተኛ፣ ሰባት ዓመት እግሬ ሥር የተቀመጠ።

ጊዜው ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ መዛወር የጀመረበት ነው። ማን ይከተላል፣ ማን ይቀራል፣ የማን ወንበር ለማን ይሰጣል እየተባለ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በጎሪጥ ያያል። እኔማ ድሮም ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ ያደግሁ ነኝ።

እና ምን አየሁ? የተክሌ ተማሪዎች አያንቀላፉም። እኔ ዘንድ ቁጥር ሲጀመር የሚያዛጉት ልጆች ወደ እሱ ይሮጣሉ፣ ይስቃሉ፣ እኔ ስጠጋ ጸጥ ይላሉ። ቁጥር ሰውን የሚያስቀው ከመቼ ወዲህ ነው? ምን ቢያቀምሳቸው ነው? ቤተ መንግሥቱ ከሚመላለሱት ፈረንጆች ጋር ገጥሞ ይሆን? ወይስ ወንበሬን ፈልጎ? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ተደብቄ አየሁ። ድንጋይ በክብ ተደርድሯል። ልጆቹ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ይዞራሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፃቸውን ግን ነፋሱ ይወስደዋል። አስማት ነው አልኩ። ሮጬ ለአለቃችን ነገርኩ።

አለቃ ተክሌን በተማሪው ሁሉ ፊት አቆሙት።

«ትምህርት ነው አባቴ» አለ። «የጨረቃ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዙር ነው። በየድንጋዩ ዐሥራ አንድ ይጨምራሉ፤ ከሠላሳ ሲያልፍ ሠላሳውን ይጥላሉ። ዙሩ ሲያልቅ አንድ ይጨምሩና ከመነሻው ይገጥማል። የኔታን በምርቃቴ ቀን ላስደስታቸው ብዬ ነው ያልነገርኳቸው። ሄደው ይቁጠሩልኝ።»

አለቃ ወደ እኔ ዞሩ። «መሪጌታ፣ እስቲ ይዩት። ዐሥራ ዘጠኝ ከሆነ ትምህርት ነው። ካልሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።»

ሄድኩ። ቆጠርኩ። ዐሥራ ዘጠኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ዐሥራ ዘጠኝ። እፎይ ያልኩ ይመስልሃል? ቅናት አንገበገበኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ይህ ነገር እንዴት ለእኔ አልመጣልኝም? እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጥርጣሬዬ ስሕተት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያደረግሁትን ግን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ከድንጋዮቹ ሁለቱን በእግሬ ገፍቼ ገደል ሰደድኳቸው። እኔ ነኝ የገፋኋቸው፤ ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። የቀሩትን አጠጋግቼ ክፍተቱን ደፈንኩ። ተመልሼም «ዐሥራ ሰባት ነው» አልኩ። አለቃ ራሳቸው ሄደው ቆጠሩ፤ ዐሥራ ሰባት። ልጆቹ «ዐሥራ ዘጠኝ ነበር» እያሉ ቢያለቅሱ የልጅ ምስክርነት ማን ይሰማል?

ተክሌ አልጮኸም። ወደ እኔ ዞረ።

«የኔታ ካሉ ዐሥራ ሰባት ይሁን» አለ።

ቁጥር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እንደዋሸሁ ከእሱ የበለጠ ማን ያውቃል? ያለ ምርቃት ከደብሩ ወጣ። አሁን መዘዞ ሄዶ የሰው መሬት ያርሳል አሉ።

እኔስ? አለቃ ካረፉ በኋላ ያንኑ ድንጋይ ደርድሬ አስተምራለሁ። ለማስተማር የደረሱትንም «ልጅ በዝላይ ሲቆጥር አይረሳም» እላቸዋለሁ። በእሱ እጅ አስማት የነበረው በእኔ እጅ ጥበብ ሆነ። «የኔታ፣ ይህን ከማን ተማሩት?» ሲሉኝ «ከራሴ» እላለሁ። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ብያለሁ።

ይቅር በለኝ አልልህም። ሰውን ስጠረጥር ኖሬ አሁን ይህን ኑዛዜዬን ራሱን እጠረጥረዋለሁ። መዘዞ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ እግሬም ደህና ነው። እኔ ግን ይኸው ላንተ ነገርኩህ እንጂ ወደ እሱ አልሄድኩም።