ዲሲ

ጭሮ ከተማ የሙዚቃ መምህር ሆኜ በተመደብኩ ሰሞን የሙዚቃ ጆሮዬን የሚያማው ሰው አልነበረም። ቢያንስ እኔ አላማውም። የሚኒባስ ጥሩምባ ስሰማ «ይሄ ኖታ ኤፍ ነው» የምል፣ ተማሪዎቼን «ሙዚቀኛን የሚያደርገው ጆሮው ነው» እያልኩ የማሰለች ሰው ነበርኩ።

ታዲያ አንድ ባልደረባዬ ሂርና ላይ እህቱን ሲድር ኪቦርዴን ይዤ ሄድኩ። ሴቶቹ እያጨበጨቡ በኦሮምኛ መዝፈን ሲጀምሩ እኔም ላጅባቸው ገባሁ። ትንሽ ቆይቶ ዘፈኑን የሚመሩት የሙሽራዋ አክስት ወደ እኔ ዞረው «ዲሲ» አሉኝ። ገረመኝ። «ዲ»፣ «ሲ» እያሉ የሙዚቃ ስኬል በስሙ የሚጠሩ አክስት አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ወዲያው ወደ ዲ ቀየርኩ፣ ከዚያ ወደ ሲ። አሁንም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ዲሲ» ሲሉኝ ድምፅ ያነሳቸው መስሎኝ ጨመርኩላቸው።

በመጨረሻ ባልደረባዬ መጥቶ በጆሮዬ «ተው እያሉህ እኮ ነው» አለኝ። ለካ ዲሲ በኦሮምኛ «ተው» ማለት ነው።

እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ጭብጨባቸውን የሰማሁት ገና ያኔ ነው። አንዷ እጇን ከሌሎቹ ዘግየት አድርጋ ታሳርፋለች፤ ዘፈኑን የሚያወዛውዘው ያ መዘግየት ነበር። እኔ ደግሞ እሱን ስደፈጥጥ ነው የቆየሁት።

ስንሰነባበት አክስትየዋ እጄን ጨብጠው «መምህር፣ መጨረሻ ላይ የተጫወትከው በጣም ጥሩ ነው» አሉኝ።

መጨረሻ ላይ አንድም ቁልፍ አልነካሁም። አመስግኜ ተቀበልኩ።