የዝውውር በሽታ

ጂንካ ተመድቦ ለሚመጣ ሠራተኛ አንድ የታወቀ በሽታ ነበረ። ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን፤ የዝውውር በሽታ እንለዋለን። ወገቤን የሚለው፣ አየሩ ለአስሜ አልተስማማም የሚለው፣ እናቱ በድንገት አልጋ ላይ የዋሉበት፣ የሁሉም መድኃኒት አንድ ነው፤ ወደ አገሩ መዛወር። ሐኪም ቤት የሚመላለስ ባልደረባ ስናይ፣ "ስንት ኪሎ ሜትር ነው ያመመህ?" ብለን እንስቅበታለን።

እኔ ግን ዝውውር ጠይቄ አላውቅም። ደርግ በወደቀ ማግስት ነው ለከተማው የኪነት ቡድን ክራር ተጫዋች ሆኜ ከደጋው አገር የመጣሁት። ከከበሮውና ከድምፅ ማጉያው ጋር ጭነት መኪና ላይ እየተሳፈርን ቀይ አፈር ገበያ፣ ወይጦ መንገድ ዳር፣ አንዳንዴም አርቦሬ ድረስ ወርደን እንጫወት ነበር። አርቦሬ ላይ ሙቀቱ አውታሩን ስለሚያላላው በየዘፈኑ መሃል ቅኝት ማስተካከል ነው። አቧራውን እየበላሁ፣ እየተማረርኩ፣ ኑሮዬን እወደው ነበር።

ጂንካ ላይ አገባሁ። ባለቤቴ የአሪ ልጅ ናት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ከአባቷ በደረሳት መሬት ላይ እንሰትና ጎደሬ ታለማለች። ታላቅ እህቷን ያገባ አንድ መምህር ነበረ። ዝውውሩ ሲደርሰው፣ "ቤት ላዘጋጅና ልውሰድሽ" ብሎ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ስለዚህ ቤተሰቡ እኔን ሲቀበል፣ የደገኛ ባል ዝውውሩ እስኪመጣ ነው እያለ ነው። ባለቤቴ ይህንን በአፏ ተናግራው አታውቅም፤ ግን በልቧ እንደያዘችው አውቃለሁ።

ክራር ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። እኛ በምንጫወትበት መንገድ ቀኝ እጅ አውታሮቹን ሁሉ ባንድነት ይገርፋል። የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከጀርባ ሆነው አውታሮቹን አፍነው ይይዛሉ፤ እንዲሰማ የሚፈለገው አውታር ተራው ሲደርስ የእሱ ጣት ብቻ ከፍ ትልለታለች። ሙያው ያለው በመንካት ላይ ሳይሆን በማንሳት ላይ ነው።

አንድ ቀን ቀይ አፈር ገበያ ላይ ስንጫወት የግራ እጄ የቀለበት ጣት አልነሳም አለች። ጭራሽ ወደ መዳፌ ታጥፋ ገባች። ዜማው መሃሉ ላይ ጎደለና ዘፋኟ ዞር ብላ አየችኝ። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። በሚቀጥለው ገበያም ያው ሆነ። ትንሽ እንኳ አታመኝም፤ ብቻ አትታዘዘኝም። በልምምድ ይለቃታል ብዬ ከበፊቱ እጥፍ ብለማመድ ባሰባት፤ መሃለኛዋንም አስከትላ ትታጠፍ ጀመር።

የሚያናድደው ከክራሩ ላይ ሳነሳት ደህና መሆኗ ነው። ጎደሬ እልጥባታለሁ፣ ቁልፍ እቆልፍባታለሁ፣ የላም ገመድ እቋጥርባታለሁ። ክራሩ ላይ ስትመለስ እንደገና ትታጠፋለች። ባልደረቦቼ መጀመሪያ ላይ ሥራው እጅ እጅ ብሎት ነው አሉ። ከዚያ አንዱ ሻይ ቤት ውስጥ በሰው ፊት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ቤቴ ስገባ ግን ክራሩን ግድግዳው ላይ ልከሰክሰው ነበር።

ባለቤቴ ወለምታ መስሏት ጣቴን በእንሰት ቃጫ ጠመጠመችልኝ። ለወጉ ያህል ክራሩን ባነሳ ጣቴ ተነሳች። ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ስጫወት ዋልኩ፤ እንባዬ ይወርድ ነበር፤ እሷም ሥራዋን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች። ያንን ቃጫ እንደጠመጠምኩ ወይጦ ሄጄ ተጫወትኩ፤ ቡድኑ አጨበጨበልኝ። ግን ብዙ አልቆየም። ጣቴ ቃጫውን ለመደችና ወደ መታጠፏ ተመለሰች። ቢጠብቅም ቢላላም፣ በጨርቅ ቢለወጥም እሺ አላለች። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አስጠርቶኝ፣ ታዲያ ወይጦ ላይ በምን እጅህ ተጫወትክ አለኝ። የባለቤቴ ጸሎት ቤት ምእመናን እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ፤ እኔም በእኛ በኦርቶዶክሶቹ ሥርዓት ጠበል ተጠመቅሁ። ሁሉም በየፊናቸው ደከሙልኝ።

በኋላ፣ ከሌላ አገር ለሕክምና ዘመቻ የመጣ አንድ የነርቭ ሐኪም አየኝ። ዓይንህን ጨፍን አለኝና ጣቶቼን ባንድ ባንድ በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካ የቷን እንደነካ ጠየቀኝ። መሃለኛዋን አልኩ። ግለጥ አለኝ፤ እስክሪብቶው የቀለበቷ ላይ ነው። ደገመው፤ ደግሜ ተሳሳትኩ። እጄ እንዳልተጎዳ፣ ጣቶቹን ለይቶ የሚያውቀው የአእምሮዬ ክፍል ግን ከብዙ ዓመት ልምምድ የተነሳ ሁለቱን እየደባለቀ እንደሆነ አስረዳኝ። አእምሮዬ ያልለያትን ጣት ለይቶ ማንሳት አይችልም። መድኃኒቱን ስጠይቀው አንገቱን አቀረቀረ። አዲስ አበባ ብሄድም ያው እንደሚሉኝ፣ ክራሩን ለጊዜው መተው እንደሚሻለኝ ነገረኝ። ለጊዜው ያለው ለእኔ አዝኖ ነው።

ሽቅብ እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ። እንዴት ደስ አይለኝ፤ ቢያንስ ሐሰተኛ አይደለሁም። ለባለቤቴ በምታውቀው በመሬት አስመስዬ ነገርኳት። ሁለት ማሳ ጎን ለጎን ነበሩ፣ በመሃላቸው ያለው ድንበር ጠፋና አንድ ሆኑ አልኳት። ጎደሬውን መላጧን ሳታቆም ሰማችኝ።

"ድንበር ዝም ብሎ አይጠፋም" አለች። "ሰው ነው የሚነቅለው።"

ነይ ሞክሪኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩና እጄን ዘረጋሁላት። ነካችኝ፤ መሃለኛዋ አልኩ። ሌላ ነካች፤ የቀለበቷ አልኩ። ዓይኔን ገለጥኩ። ሁለቱንም ተሳስቼ ኖሯል፤ እጄን ለቃው ነበር።

"ዓይን መጨፈን ውሸት ይከለክላል?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። አውቆ የሚሳሳት ሰው ሳያውቅ ከሚሳሳተው በምን ይለያል? ያን ዕለት ከሐኪሙ ዘንድ ይዤው የመጣሁት ደስታ ሙልጭ ብሎ ጠፋ።

ጥቂት ቆይቶ ኃላፊው ቢሮው ጠርቶኝ በሩን ዘጋ። እሱም ዓመት ከዓመት ዝውውር የሚጠብቅ፣ ቤተሰቡ ደጋው አገር ያለ ሰው ነው። ፈገግ ብሎ፣ "እኔ እንኳ ገብቶኛል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ግን አሳዘንከኝ ወንድሜ፤ ጨርሼልሃለሁ" አለኝ። ወደ ትውልድ አገሬ አዛውሮኛል። ለራሱ ያላገኘውን ነው የለመነልኝ። ደግነቱ ነው አፌን የዘጋው፤ ቢሰድበኝ ኖሮ እመልስለት ነበር። ባልደረቦቼ ለሽኝት በግ ገዙ። እንኳን ደስ ያለህ የማይለኝ ሰው አልነበረም።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል፤ ገበያ ላይ ሰምታለች። ሻንጣዬ ታስሮ በሩ አጠገብ ቆሟል። ልብሶቼ ታጥበው፣ ተጣጥፈው ነው የገቡት። ክራሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ከላዩ አኑራዋለች። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ዝውውር አልጠየቅሁም ብዬ ማልኩላት። መምህሩም እንዲሁ ምሎ ነበር አለችኝ።

ዝውውሩን አልቀበልም ስል ኃላፊው ቀልድ መሰለው፤ የምሬን መሆኑን ሲያውቅ ተቀየመኝ። ክራር የማይጫወት ክራር ተጫዋች ለቡድኑ ምን ይሠራል? ንብረት ክፍል መደቡኝ። ወንበር አወጣለሁ፣ ከበሮ አስገባለሁ። ሌላ ክራር ተጫዋች ተቀጠረና በግድግዳው በኩል ሲለማመድ እሰማው ነበር። ቀናሁበት። ሲሳሳት ደስ ይለኝ ነበር፤ ጎበዝ እየሆነ ሲመጣ ደግሞ የመጋዘኑን በር ዘግቼ እቀመጣለሁ።

ሻንጣዬን ባለቤቴ አልፈታችውም። ልብስ በፈለግሁ ቁጥር ከውስጡ አወጣለሁ፤ ታጥቦ ሲደርቅ እሷ መልሳ እዚያው ትከተዋለች። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ጡረታ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሻንጣውን ብፈልግ ቆጥ ላይ አየሁት፤ የቦሎቄ ዘር ሞልታበታለች። ልብሶቼ ከልብሶቿ ጋር ተሰቅለዋል። መቼ እንዳደረገችው አላውቅም፤ አልጠየቅኳትምም።

በዚያው ሰሞን አዲስ አመል አመጣች። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ስሞቅ መጥታ አጠገቤ ትቀመጥና ግራ እጄን ጭኗ ላይ ታደርገዋለች።

"ጨፍን" ትላለች። "የቷ ናት?"

እነግራታለሁ።

"ልክ ነህ" ትለኛለች።

በማግስቱም ልክ ነህ፣ በሳልስቱም ልክ ነህ። ለካ ሐኪሙ ለጊዜው ያለው እውነቱን ኖሯል አልኩ። እጄ ካረፈች ድንበሩ ተመልሷል ማለት ነው። ልቤ እንዴት እንደፈካ ለሰው መናገር ያሳፍረኛል። ባለቤቴ እርሻ በወረደችበት ክራሩን ለዓመታት ከተሰቀለበት ሚስማር ላይ አወረድኩ፣ አዲስ አውታር ወጠርኩለት፣ ቃኘሁት፣ ገረፍኩት። ጣቴ ታጥፋ መዳፌ ውስጥ ገባች። ድሮ ቀይ አፈር ላይ እንደገባችው ነው የገባችው።

ክራሩን መልሼ ሰቀልኩት። እሷ ስትመለስ ምንም አልነገርኳትም። እጇን ታጥባ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች፤ እጄን ጭኗ ላይ አደረገች። ጨፍን አለችኝ፤ ጨፈንኩ። የቷ ናት አለችኝ።

መሃለኛዋ ናት አልኩና ዓይኔን ቀስ ብዬ ገለጥኩ። እሷ ወደ ማሳዋ ነበር የምታየው። በሁለት ጣቷ ጠበቅ አድርጋ የያዘችው የቀለበት ጣቴን ነው።

"ልክ ነህ" አለችኝ።

መልሼ ጨፈንኩ።