ጠፍሩን የወጠርኩት ዕለት

እኔ ካንድ ቦታ አልረጋም። መርጡለ ማርያም ንግሥ ሲሆን እዚያ ነኝ፤ ደብረ ወርቅ ዘመድ ሲታመምም እዚያ። እግሬ ሲዝል ደብረ ማርቆስ ገብቼ የልጅ ልጄ ከተከራየችው ክፍል እከርማለሁ። እሷ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትይዝ አስተማሪዋ «ቀጥይ» አላት። አባቷ፣ የኔ የበኩር ልጅ፣ ግን «ይበቃል፤ ወረዳችን አስተማሪ ይፈልጋል» አለ። ቆይቶ ደወለና «እሑድ እመጣለሁ። የምትማሪው ነገር ከገባኝ ቀጥይ፤ ካልገባኝ ሻንጣሽን ይዘን አብረን እንሄዳለን» አላት። ልጄ እንዲህ ነው፤ ያየውን በሬ እንጂ የሰማውን አይገዛም።

እሷ አልደነገጠችም። «እማዬ፣ ለአባባ ያንችን አልጋ ነው የማሳየው» አለችኝ።

አልጋው ከአገር ቤት ያስመጣሁት የጠፍር አልጋ ነው፤ አርጅቶ ረግቧል። እንግዳ በረገበ አልጋ አይቀመጥም። ስለዚህ ቅዳሜ እሷ ስትወጣ ጎረቤቴን ጠርቼ ጠፍሩን በውኃ አራስነው፤ እየተጋገዝን ወጠርነው። ሲያድር ደርቆ እንደ ከበሮ ሆነ።

እሑድ ልጄ ዱላውን ከበሩ አስደግፎ ገባ። የልጅ ልጄ ፍራሹን አነሳችና የወፍጮ መጅ ከአልጋው መሐል አስቀመጠች።

«አባባ፣ ይህ ኤሌክትሮን ነው እንበል፤ ኤሌክትሪክ የሚሸከመው ቅንጣት። ጠፍሩ ደግሞ ክሪስታሉ፤ አተሞች በሥርዓት የተደረደሩበት ጠጣር ነገር።»

መጁ አልሰመጠም። ነካ ስታደርገው ተንሸራቶ ዳር ደረሰ።

«እማዬ! ምን አደረግሽው?»

«ወጠርኩታ! እንግዳ ይመጣል አላልሽም?»

ልጄ ከት ብሎ ሳቀ። «ኤሌክትሮንሽ ኮበለለ በያ!»

«ይኮብልል» አለች፣ ፊቷ እንኳ ሳይለወጥ። «እንዲህ የጠነከረ ክሪስታልም አለ፤ በዚያ ላይ እንደልቡ ይሄዳል። እኔ የማጠናው የሚረግበውን ነው።» ወደ እግርጌው ሄዳ እስሩን ፈታ ፈታ አደረገችው። «አሁን እርስዎ ይቀመጡ።»

ተቀመጠ፤ ሰመጠ።

«ወደ ዳር ፈቀቅ ይበሉ።»

ፈቀቅ አለ፤ ጉድጓዱም አብሮት ፈቀቅ አለ።

«ጉድጓዱን ማን ቆፈረው?»

«እኔው ነኛ፤ ክብደቴ።»

«ኤሌክትሮኑም እንዲሁ ነው። ኦክሲጅን ባለበት ክሪስታል ሲቀመጥ በዙሪያው ያሉትን አተሞች አንዱን ይስባል፣ አንዱን ይገፋል። በሠራው ጉድጓድ ራሱ ይያዛል።»

«እና እዚያው በስብሶ ይቀራል?»

«አተሞቹ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ይንቀጠቀጣሉ። ሙቀት ሲጨምር ይብስባቸዋል።» ብላ የአልጋውን ራስጌ ይዛ ነቀነቀችው። ያ ጎልማሳ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰውዬ፣ ነጥሮ ፈንጠር ብሎ ተቀመጠ።

«ዘለለ!» አልኩ እኔ።

«እንዲያ ነው የሚሄደው፤ እየዘለለ። ብረት ሲሞቅ ኤሌክትሮኑ መንገዱ ይታወካል፤ እዚህ ግን ሙቀቱ መንገድ ይሰጠዋል።»

«ታዲያ ምን አደከመሽ፣ አጥብቆ መወጠር ነዋ» አልኳት።

«የኤሌክትሮኑ ጠፍር በእጅ አይወጠርም፣ እማዬ።»

ልጄ ከጉድጓዱ ሳይነሳ ጠፍሩን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው። እሷ አሁን ነው እጆቿን ማፍተልተል የጀመረችው።

«ሲበርድስ?» አለ በመጨረሻ።

«ሲበርድ መዝለል ያቅተዋል። ቢሆንም በሌላ ዘዴ ሾልኮ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። መቼ ዘዴውን እንደሚለውጥ ነው ቀጥሎ የማጠናው።»

«አታውቁትም?»

«በኔ ክሪስታል ገና አላወቅነውም።»

«እህሉን አውድማ ላይ በትኖ ቤቱ የሚገባ ገበሬ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ምን ነው የምታይኝ? እጅሽን ስጭኝና ከዚህ አውጭኝ።»

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ሸኘነው። ለሷ ካሰበው ወንበር ላይ አንድ ቄስ ተቀመጡ። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት አንገቱን አወጣና «ሲበርድ የሚሆነውን ስትደርሽበት ደውይልኝ» አላት።