አክስቴ የመረገችው ግድግዳ

ዝናቡ ካባራ ወዲህ የአክስቴን የትውልድ ቤት ግድግዳ እያስመረግን ነው። ደብረ ማርቆስ ዳር ያለው ይህ ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ አስጎብኚዋም እኔ ነኝ። ዛሬም ጎብኚዎቹን ሸኝቼ፣ ደክሞኝ ደጃፉ ላይ ቁጭ ስል፣ በጭድ የተቦካው ጭቃ ሽታ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ።

ያኔ አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ይህንኑ ግድግዳ እየመረግን ነበር። አክስቴ፣ ስሟ በሬዲዮ የገነነው ዘፋኝ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ከአዲስ አበባ መጣች። አባቷ፣ የእኔ አያት፣ መሪጌታ ነበሩ። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

"እንደምን ዋሉ፣ አባባ?" አለቻቸው።

ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት፣ "ዘፋኝ ቤቴ አይገባም" አሉ።

አክስቴ ጫማዋን አወለቀች፤ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ከእኛ ጋር መምረግ ጀመረች። ጭቃውን በመዳፏ እየለቀለቀች ቀስ ብላ ታንጎራጉር ነበር። አያቴ ሲያዳምጧት ቆዩና፣ "ግድግዳውን ትምረግ፤ በሩ ግን የእኔ ነው" አሉ።

"ምን ማለታቸው ነው?" ብዬ እናቴን ጠየቅኋት።

"ዝም ብለሽ ምረጊ" አለችኝ፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች።

አመሻሽ ላይ አክስቴ እጇን ታጥባ፣ ቤት ሳትገባ ሄደች። አባትና ልጅ ከዚያ ወዲያ አልተያዩም።

"ከታወቀች በኋላ እዚህ ትመጣ ነበር?" አለችኝ አሁን፣ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ከጎብኚዎቹ ወደ ኋላ የቀረች አንዲት ተማሪ።

"መጥታ ነበር" አልኳት። በሩን ትቼ አክስቴ የመረገችውን ግድግዳ አሳየኋት።