በሞቴ የሌለበት ማዕድ

የነሐሴውን የፍልሰታ ጾም ስፔን ውስጥ በእግሬ እየተጓዝኩ እንደምጾም ስናገር እናቴ «መንገደኛ ነሽ፣ ንስሐ አባትሽን አስፈቅደሽ ብትበዪስ?» አለችኝ። አባም ፈቀዱልኝ። እኔ ግን መጾሙን መረጥኩ። እሑድ እሑድ በዝናብ ከሲኤምሲ ቦሌ አራብሳ ድረስ እየሄድኩ አክስቴን ስጠይቅ ስለከረምኩ እግሬን አምነዋለሁ። የማላምነው አፌን ነበር። ሰው ፊት «ይህን አልበላም» ማለት ከዳገት ይከብደኛል።

መንገዱ በስንዴ ማሳና በትንንሽ መንደሮች አልፎ ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር የሚወስድ የተሳላሚዎች መንገድ ነው። አብራኝ የሄደችው ቦሌ ቢሮ አብራኝ የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ሙስሊም ናት፤ «አንቺ ተሳለሚ፣ እኔ ተራራውን አያለሁ» ብላ ነው የመጣችው።

አገር ቤት «ጾም ነኝ» ካሉ ነገሩ አለቀ። ስፔን ውስጥ ግን ቃሉ ጉልበት የለውም። መጀመሪያ ባረፍንበት መንደር ሥጋ እንደማልበላ በስልኬ አስተርጉሜ ሳሳይ፣ የካፌው ባለቤት በደስታ ራሱን ነቅንቆ እንቁላል የሞላበት ዳቦ አቀረበልኝ። ልመልሰው አፈርኩ። ለጓደኛዬ ሰጥቼ ቲማቲም በላሁ። በማግስቱም ቲማቲም።

«አንቺ፣ በቲማቲም ዳገት አይወጣም!» አለችኝ። «ብትወድቂ አልሸከምሽም። ቦርሳሽን እንኳ አልነካም!»

እውነቷን ነበር፤ በየዳገቱ ከእሷ ወደ ኋላ መቅረት ጀምሬያለሁ። በማግስቱ የሚጠብቀን ደግሞ የጉዞው ትልቁ ተራራ ነው። ደህና አድርጌ በልቼ ካላደርኩ ወይ ጾሜን መፍታት ወይ በአውቶቡስ መሄድ ሊኖርብኝ ነው።

ያን ቀን ያረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ፈጣን አሮጊት ነበሩ። ጓደኛዬ እኔን ሳትጠብቅ ስልኳን አውጥታ ነገረቻቸው፦ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ የለም። ሴትዮዋ አነበቡና ለእኔ ብቻ በትንሽ ድስት ምስር ከካሮት ጋር በወይራ ዘይት ሠሩ። የቤታችንን ምስር ወጥ ባይመስልም ሽታው ሲደርሰኝ ሆዴ ጮኸ።

ሁላችንም አንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ ሴትዮዋ ድስቱንና ጭልፋውን ይዘው አጠገቤ ቆሙ። እኔም እንዳደግኩት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «አይ፣ ይቅር፣ አመሰግናለሁ» አልኳቸው በእንግሊዝኛ። ቀጥሎ የሚሆነውን አውቃለሁ። «በሞቴ» ይሉኛል፤ ጥቂት እግደረደራለሁ፤ «አፈር ስሆን» ይሉኛል፤ እበላለሁ።

ሴትዮዋ ፈገግ ብለው ድስቱን ከጎኔ ለተቀመጠው ጀርመናዊ ተሳላሚ አሳለፉት። እሱ ሳይግደረደር ሁለት ጭልፋ ወሰደ።

«ምን ሆነሽ ነው እንቢ ያልሽው?» አለች ጓደኛዬ።

«ትንሽ መግደርደሬ ነው።»

«ለማን? እዚህ ማን በሞቴ ይልሻል?» ሳቋን መያዝ አቃታት። «ከአሁን በኋላ ራስሽ ጠይቂ። እኔ አልነግርልሽም።»

ጀርመናዊው እንደገና ሊጨልፍ ሲያጎነብስ ተነሣሁ። ሳህኔን ወደ ሴትዮዋ ዘርግቼ በማውቃት ቁርጥራጭ ስፔንኛ «እፈልጋለሁ» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኾ ወጣ። ከተነሣሁ አይቀር ብዬ «ብዙ» ስል ጨመርኩ።

ሴትዮዋ ከት ብለው ሳቁ። ድስቱን ከጀርመናዊው እጅ ወስደው ከነጭልፋው ፊቴ አስቀመጡት። ከድስቱ ታች የቀረውን ሳይቀር በዳቦ ጠርጌ ጨረስኩ።

ተራራውን በእግሬ ወጣሁት። ከዚያ ወዲያ በየመንደሩ ሳይጠይቁኝ ቀድሜ እናገር ጀመር፤ ጾሙንም ሳልፈታ ፈጸምኩ።

በተመለስኩ ሰሞን አንድ ረቡዕ አራብሳ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ሽሮውን ይዛ መጥታ «ልጨምርልሽ?» ስትል ወዲያው ሳህኔን ዘረጋሁላት። አክስቴ ቆም አለች። ያዘጋጀችው «በሞቴ» አፏ ላይ ቀርቶ ነበር።

«ምን ነካሽ ልጄ? ርቦሽ ነው እንዴ?»

«አዎ አክስቴ፣ ርቦኛል።»